የልብስ ሰፊው መጋረጃ

ልብስ ሰፊው ወንበር ላይ ቆሞ መጋረጃውን የያዙትን ሚስማሮች በጉጠት ይነቅል ነበር። ትንሿ ልጁ ከታች፣ ልክ ከመጋረጃው ሥር ቆማለች፤ ያቆማት ራሱ ነው።

"ዓይንሽን ጨፍኚ! የመጀመሪያው ብርሃን አንቺ ፊት ላይ ነው የሚያርፈው" አላት። ጨፍና ትስቃለች።

ይህን መጋረጃ የሰፋው ልጅቷ ሳትወለድ ነው። ድርብ ነው፣ ገበር አለው፣ ጠርዙ ዙሪያውን መስኮቱ ላይ በሚስማር ተመቷል። ፀሐይ የጨርቅ ቀለም ታስለቅቃለች፤ ቀለሙ የለቀቀ ጨርቅ ደግሞ ደንበኛ ያሸሻል። ስለዚህ የሚሠሩበትም የሚተኙበትም ያው አንድ ክፍል ሁልጊዜ በአምፖል ይኖራል።

ትናንት ሐኪሟ የልጅቷን የደም ምርመራ አይታ፣ "ቫይታሚን ዲ በጣም አንሷታል" አለች። ቫይታሚኑ ለልጅቷ አስም ይረዳት እንደሆነ አባትየው ጠየቃት።

"ሊረዳት ይችል ይሆናል፤ እርግጡን ገና አናውቅም። ጠብታውን ስጧት፣ ውጭ ፀሐይ ላይ ትጫወት። በአፏ የምትስበውን ፓፍ ግን እንዳታቋርጡባት።"

ልብስ ሰፊ "ይሆናል" የሚሉት ነገር አይገባውም። እጅጌ ወይ ይደርሳል ወይ አይደርስም። ሲገላበጥ አደረና ከሐኪሟ ንግግር ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ልቡ ውስጥ ቀረ፤ የሰው ጨርቅ ሲጠብቅ ልጁን ጨለማ ውስጥ አሳድጓል።

የመጨረሻው ሚስማር ወለቀ። መጋረጃው ዘጭ ሲል የስንት ዘመን አቧራና የጨርቅ ብናኝ ልጅቷ ላይ ወረደ። ፀሐይዋም ገባች፤ ገብታ መጀመሪያ ያሳየችው አቧራውን ነው።

ልጅቷ ሳቀች። ከዚያ ሳለች። ከዚያ ያ የሚያውቀው ፉጨት ከደረቷ መጣ፣ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ተሰቀለ።

"አባዬ..." አለች፤ ሌላ ቃል አልወጣላትም።

ከወንበሩ እንዴት እንደወረደ አያውቅም። የማሽኑን መሳቢያ ጎትቶ ገለበጠው። ክር፣ ቁልፍ፣ ጠመኔ። ፓፉ የለም። የደንበኛን ቁመት ሳይለካ በዓይኑ የሚያውቅ ሰው የልጁ መድኃኒት የት እንደሚቀመጥ አያውቅም ነበር።

ሚስቱ ልብስ ከምታጥብበት ደጅ እጇ አረፋ እንደሆነ ዘላ ገባች።

"ምን አደረግካት አንተ ሰውዬ! አውጣት እንጂ! አቧራ ውስጥ እኮ ነው ያቆምካት!"

አቅፎ በረረ። ደጃፉ ላይ ቀጥ አድርጎ አስቀመጣት። ሚስቱ ፓፉን ከቀሚሷ ኪስ አወጣች፤ ለካ አንድም ቀን ተለይቷት አያውቅም።

"ሳቢ የኔ እናት። ያዢው... ያዢው። አሁን ቀስ ብለሽ ልቀቂ።"

እሱ የራሱንም ትንፋሽ ይዞ ነበር።

"ፀሐይ እንድታገኝ ብዬ ነው" አለ።

"ፀሐይዋማ ደጅ ናት" አለች ሚስቱ ቀና ሳትል። "በሩን ከፍተህ ብታወጣት ምን ነበረበት?"

አሁን ሳትጮህበት መናገሯ ከጩኸቷ ይልቅ ባሰበት። ተንበርክኮ ጆሮውን የልጁ ደረት ላይ ለጠፈ። ፉጨቱ እየቀጠነ ነው፣ አልጠፋም። ልጅቷ በራሱ ላይ አሻግራ በተራቆተው መስኮት ወደ ውስጥ አየች። ለአንዲት ሙሽራ ሊሰፋው የተቀበለው ሰማያዊ ሐር ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ ነው።

"አባዬ... ጨርቁን... ፀሐይ መታው።"

"ይምታው" አለ፣ ጆሮውን ሳያነሳ።