ያ ደም የጤነኛ ደም ነው

በያጁ የሐኪሟን በር ሳያንኳኳ ገባ። አባቱ ከዘራቸውን ተደግፈው ከኋላው ደረሱ።

«ሐሙስ ይገባሉ ብላችሁን፣ በስልክ ‹ቀርቷል› ትሉናላችሁ? ሰው ናችሁ?»

ንዴቱ አይፈረድበትም። አባቱ ጉበታቸው ላይ ዕጢ አለ፤ በቀዶ ሕክምና አይወጣም ተብሏል። የቀራቸው አንድ መንገድ ነው። በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ ይገባና፣ ጨረር ያላቸው ከአሸዋ ያነሱ ቅንጣቶች ዕጢው ላይ ይለቀቃሉ። ዕጢው ይቃጠላል። ጤነኛው የጉበት ክፍል ጨረሩን ካልቻለው ግን በሽተኛው በሁለት ወር ውስጥ ቢጫ ይሆናል፣ ሆዱ ውሃ ይቋጥራል፣ ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለም። ይችላል አይችልም የሚለውን አስቀድማ የምታሰላው ይህቺ ሐኪም ናት። የጉበቱን ምስልና የደሙን ውጤት አይታ ቁጥር ታወጣለች። የዚህ ሳምንት ቁጥሯ «አይችልም» ብሏል።

«አባባ፣ እስቲ ዓይንዎን ወደ መስኮቱ ያዙሩልኝ» አለች፣ ጩኸቱን እንዳልሰማች።

ሽማግሌው አዞሩ። በአውራ ጣቷ የታችኛውን የዓይን ቆባቸውን ሳብ አድርጋ አየች።

«ነጭ ነው። ቢጫነት የለውም። ምስሉም ጥሩ ነው። ደሙ ብቻ ነው እምቢ ያለኝ። ሁለቱ አልተስማሙም።»

«እንግዲያው ደባልቃችሁታል!» በያጁ ጠረጴዛውን መታ። «ታች ያለው የላቦራቶሪ ሰውዬ ቀና ብሎ ፊት እንኳን አያይም! ወረቀት ይቀበላል፣ ክንድ ይወጋል፣ ‹ቀጣይ!› ይላል፤ በቃ!»

«ያንኑ የተቀዳውን ደም ሁለት ጊዜ አስደግሜ አስመርምሬዋለሁ። ያው ነው።»

«ውሸት! ያ ደም የጤነኛ ደም ነው! አንገቴን እሰጣለሁ!»

ይህን ሲል ከልቡ ነበር። ክንዱን በንዴት ይፎክታል። የብረት ብናኝ ነው እያለ ወር ሙሉ ሲያክ ከርሟል። ጥቁር መነጽሩን ቤት ውስጥም አያወልቅም፤ የብየዳው ብርሃን ዓይኔን ፈጀው ይላል። ቀበቶው ላይ በምስማር ሁለት አዲስ ቀዳዳ በስቷል፤ አባቱን ሲያስታምም መቼ እህል ቀምሶ! ይህን ያህል የለፋ ልጅ በስልክ «ቀርቷል» ሲባል፣ እንኳን ሰው ድንጋይም ይናደዳል።

«ተው ልጄ» አሉ አባት። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«ዝም ስንል ነው የሚገድሉን፣ አባዬ!»

አሁን ሐኪሟም ቱግ አለች።

«ስማ! አባትህን ጠልቼ ነው? አምና የቤተሰብ ልመና ሰምቼ፣ ቁጥሩ እምቢ እያለኝ እሺ አልኩ። ሰውየው በሰባተኛ ሳምንቱ ተቀበረ። ሁለተኛ አላደርገውም!» መሳቢያዋን ከፍታ መርፌ አወጣች። «ተደባልቋል ካልክ ግን፣ እዚሁ በገዛ እጄ እቀዳቸዋለሁ።»

የበያጁ ድምፅ ወረደ። «አባዬ መርፌ ይፈራል እኮ… የድሮውን እንደገና ብታዪውስ?»

«እጅጌዎን ይሰብስቡልኝ፣ አባባ።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ጥርሳቸውን ነከሱ።

ሁለት ሰዓት ኮሪደሩ ላይ ጠበቁ። አባት ተቀመጡ። ልጅ ግን ወዲህና ወዲያ እያለ የላቦራቶሪውን ሰውዬ ሲራገም ቆየ።

ሐኪሟ ስትጠራቸው ፊቷ በርቶ ነበር።

«አባባ፣ ጉበትዎ ይችላል። በደንብ አድርጎ ይችላል። ሐሙስ ይግቡ።»

በያጁ ግድግዳውን በቡጢ መታው። ዕንባው ከመነጽሩ ሥር ወረደ።

«አላልኩም? አላልኩም? ያ ሰውዬ ዛሬውኑ ይባረራል! የማን ሬሳ ደም ነው አባቴ ላይ የለጠፈው?»

«እኔንም ያስጨነቀኝ እሱ ነው» አለች ሐኪሟ። «የደሙ ባለቤት በጠና ታሟል። ምናልባት ራሱም አያውቅም።»

«የራሱ ጉዳይ! እኔ ያንን ሰውዬ ሳላስባርር ከዚህ ግቢ አልወጣም!»

ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬቱ ላይ ቀጠቀጡ።

«በቃ! የሰው ጉሮሮ አትዝጋ! እኔን መርፌ የነካኝ ዛሬ ነው። ያኔ ‹ያረጀ ደምህ ይጥለናል፣ አንተ እዚህ ተቀመጥ› ብለኸኝ ወረቀቱን ይዘህ ብቻህን ወረድክ። አልወረድክም?»

በያጁ ክንዱን ማከክ አቆመ።

«መነጽርህን አውልቅ» አለችው ሐኪሟ ቀስ ብላ። «ዓይንህን ወደ መስኮቱ አዙርልኝ።»