የተያዘው ወንበር

"ሰው አለው?" አለችው ባልደረባው፣ የምሳ ሳህኗን እንደያዘች። ካፌው ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤ እሱ ግን ከሁሉ ቀድሞ ገብቶ ከጎኑ ያለውን ወንበር በጃኬቱ ይዞታል።

ጠዋት ኮምፒውተሩ ቦታ አጣሁ እያለ ሲያስቸግራቸው፣ ግማሹን ሚሞሪ፣ ፕሮግራሞች የሚሠሩበትን ቦታ፣ ባዶውን ተይዞ ያገኘችው እሷ ነበረች። "ማሽኑ ገና ሲነሳ ሰፊውን ቦታ ካልያዝኩ፣ ትንንሾቹ ፕሮግራሞች ተሻምተው ይበጣጥሱታል። ለትልቁ ፕሮግራም ነው ያስቀመጥኩት" ሲላት ከት ብላ ሳቀች። "የኔ ጌታ፣ ትልቁ እኮ ወደ ሌላ ማሽን ከሄደ ከረመ!" እሱም እየሳቀ ቦታውን የሚይዘውን ትእዛዝ ሰረዘው።

አሁን አልሳቀችም። ሚስቱ ከላይኛው ፎቅ እየወረደች እዚያ ወንበር ላይ ትበላ እንደነበር ታውቃለች፤ ቀብሯም ላይ ቆማለች። እጁን ወደ ጃኬቱ ሰደደ። ኮሌታውን አቃና፣ ከጃኬቱ ትከሻ ላይ የሌለ አቧራ አራገፈ።

"አለው" አላት።

እሷም ሳህኗን እንደያዘች አጠገቡ ቆማ መብላት ጀመረች።