«አንቱ» ለማለት ጊዜ ያልነበረው አብራሪ

«አንተ፣ ውሃ ላቀብልህ?»

ካፒቴን ወልደሚካኤል ቀስ ብለው ዞሩ...

«ማንን ነው አንተ የምትለው?»

ረዳት አብራሪው አብዱልከሪም ደነገጠ። «ይቅርታ ካፒቴን... አንቱ... ማለቴ እርስዎ...»

«አሳዳጊ የበደለው!»

በቃ። የዚያን ቀኑን ጉድ ያመጣችው ይቺ ስድብ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው ወገኖቼ... ሚያዝያ 2007፣ ከአዲስ አበባ የተነሳ አውሮፕላን መቶ አርባ ሁለት ሰው ጭኖ ወደ ሪያድ ቁልቁል መውረድ ጀምሯል።

ካፒቴኑ ሃያ ሰባት ዓመት የበረሩ፣ የገዛ ልጆቻቸው እንኳ አንቱ የሚሏቸው ሰው ናቸው።

አብዱልከሪም ደግሞ ተወልዶ ያደገው እዚያው ሪያድ፣ ነሲም የሚባል ሰፈር ነው። እናቱ ረሒማ ሰው ቤት እየሠራች ብቻዋን አሳደገችው። እሷ ጠዋት ወጥታ ማታ ስትገባ፣ እሱ ከሰፈር ልጆች ጋር አረብኛውን ጠጣው።

እዚያ ሰፈር ደግሞ ለትንሹም ለትልቁም «ኢንተ» ነው፣ አንተ ማለት፤ ኸላስ፣ አለቀ! አማርኛ ላይ ሲመጣ አንቱታው ይጠፋበታል። ንቀት መስሏችሁ እንዳትፈርዱበት።

አብራሪ ሆኖ ወደ ሪያድ ሲመጣ የመጀመሪያው ነበር። እናቱ ምሳ ሠርታ እየጠበቀችው ነው...

ከስድቡ በኋላ አፉን ለጎመ። ካፒቴኑም ፊታቸውን አጠቆሩ።

ሪያድ በአቧራ ታፍናለች። በመስኮቱ ሰማይም መሬትም አይታይም፤ ሁሉ ነገር ቡናማ ነው።

ዝቅ አሉ... ዝቅ አሉ...

«ተሬይን! ተሬይን! ፑል አፕ!»

ማሽኑ ነው። መሬት ቀርቧችኋል፣ ወደ ላይ ሳቡ ማለቱ ነው።

የአብራሪ ሕግ እዚህ ላይ ቀልድ አያውቅም። ምንም በማይታይበት አየር ይህ ድምፅ ከመጣ ውይይት የለም። መጀመሪያ ወደ ላይ፣ ጥያቄው በኋላ!

ካፒቴኑ ግን ከፍታ መለኪያቸውን አዩ። ደህና ነው ይላል።

«ይሄ ማሽን ደሞ ዝም ብሎ ይለፈልፋል... ሪያድ ሜዳ አይደል? ምን ተራራ አለ?»

አብዱልከሪም ላብ አጠመቀው። «ካፒቴን... ይን... ይነሱ... እባክዎ...»

«ያንሱ» ለማለት ነበር። ቃሉ ጠፋው! መቶ አርባ ሁለት ነፍስ አንጠልጥሎ አንቱታ ፍለጋ ገባ...

አንድ ሰከንድ... ሁለት ሰከንድ...

«ፑል አፕ! ፑል አፕ!»

«ከሥራም ልባረር!» አለ በልቡ። ከዚያ በነሲም ልጅ ጉሮሮ ጮኸ...

«አንሳ!! አንተ፣ አንሳው!!»

የካፒቴኑ እጅ ከጆሯቸው ቀደመ። ሞተሩ በሙሉ ኃይል አጓራ፣ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ቀና አለ። አብዱልከሪም ወደ ታች ሲያይ በአቧራው መሀል የመኪና መብራት አየ። ታርጋው ሊነበብ ምንም አልቀረውም!

ከፍ ብለው መዞር ሲጀምሩ ጉዱ ወጣ። ከፍታ መለኪያው በአየር ግፊት ስለሚሠራ፣ ቁልቁል መውረድ ሲጀምሩ የሪያድን የዕለቱን ግፊት መሙላት ነበረባቸው። አልሞሉትም። መለኪያው ከፍ ብላችኋል እያለ ሲዋሻቸው ነበር!

መቼ ነው የረሱት? ያቺ ስድብ በተሰደበችበት ሰዓት... አንዱ ሲቆጣ፣ ሌላው ሲያኮርፍ።

አስተካክለው፣ አቧራው እስኪቀል ዞረው፣ በሰላም አረፉ።

ዑለያ ሰፈር ያለው ሆቴላቸው ሲደርሱ፣ ነገሩን የሰማችው የአውሮፕላኑ አስተናጋጆች አለቃ ሶስና አብዱልከሪምን ወደ ጥግ ሳበችው።

«ወንድሜ፣ በእናትህ እግራቸው ላይ ውደቅ። አንተ ተብለው የሚምሩ ሰው አይደሉም።»

«ለጠዋቱ አንተ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ግፊቱን ሳላስታውሳቸው ስላኮረፍኩም እጠይቃለሁ። ለዚያች አንሳ ግን... ወላሂ አልጠይቅም። ነገም ቢሆን እላታለሁ!»

ካፒቴኑ ከኋላው ቆመው ነበር።

«እናትህ ቤት ውሰደኝ» አሉት።

ሶስና አፏን ያዘች። «አለቀልኝ» አለ አብዱልከሪም በልቡ። አሳዳጊውን ሊወቅሱበት!

ነሲም ደረሱ። ረሒማ በሩን ከፈተች። የጠበቀችው ልጇን ነው፣ የመጡት ግን ትከሻቸው ላይ አራት የካፒቴን መስመር ያለባቸው ሽማግሌ ከነልጇ...

«ወይዘሮ ረሒማ» አሉ ካፒቴኑ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ «ዛሬ ልጅዎን አሳዳጊ የበደለው ብዬ ሰድቤዋለሁ።»

ረሒማ አንገቷን ደፋች። «እውነትዎን ነው ጌታዬ... ሥራ እየዋልኩ አንቱታን አላስተማርኩትም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እንኳን አላስተማሩት!»

ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ቢያስተምሩት ኖሮ እኔም እሱም፣ መቶ አርባ ሁለቱም ሰው አፈር ነበርን። ማሽኑን ናቅኩት። ልጅዎ አንሳ ሲለኝ ግን እጄ ታዘዘ፤ አባቴ ከሞቱ ወዲህ እንደዚያ ያዘዘኝ ሰው የለም። ጥፋቱ የኔ መሆኑን ለመሥሪያ ቤቴ ጽፌያለሁ። የሰደብኩት ግን እርስዎን ነው፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ረሒማ አለቀሰች...

ካፒቴኑ ወደ አብዱልከሪም ዞሩ። «ከእንግዲህ እዚያ ወንበር ላይ አንተ ነኝ፣ ገባህ?»

«እሺ... እርስዎ!»

ሦስቱም እንባቸውን ሳይጠርጉ ሳቁ። ረሒማም «ያላ፣ ግቡ፣ ምሳው ቀዘቀዘ!» አለች።

ወገኖቼ፣ መከባበር ደግ ነው፤ እኔም አንቱ ብዬ ነው ያደግኩት። ግን ገደል አፋፍ ላይ የቆመን ሰው «እባክዎ ትንሽ ፈቀቅ ቢሉ» አይሉትም፣ ይጎትቱታል! የሚጎትታችሁን ደግሞ ስለ አነጋገሩ አትውቀሱት።

እስቲ ንገሩኝ... እናንተ በካፒቴኑ ቦታ ብትሆኑ የዚያን ልጅ እናት በር ታንኳኩ ነበር? ወይስ «ደፈረኝ» ብላችሁ ትከሱት ነበር?