መርዶው ሁሉ ለይመኙሽ

«ዛሬስ ዝም ብዬ አላልፋትም…»

እስጢፋኖስ አራዳ ከተሳፈረበት ሚኒባስ አዘዞ ላይ እስኪወርድ ድረስ እንዲህ እያለ ሲያጉረመርም ነበር።

ጎንደር ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የነርሶች ኃላፊ ነው። ሲስተር ይመኙሽ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ሳታስፈቅድ ቀርታለች… ስልኳም አይነሳም።

በዚያ ላይ ዛሬ ጠዋት አንድ አባት አርፈው፣ ለልጆቻቸው ደፍሮ የሚነግር ጠፍቶ ክፍሉ ሲተራመስ ዋለ።

መርዶ የይመኙሽ ሥራ ነዋ።

ማንም መድቧት አይደለም እኮ… አንደበቷ ሸጋ ስለሆነ ብቻ።

በአገራችን መርዶ በሽማግሌ፣ በማለዳ፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚነገረው። ሆስፒታል ግን ሽማግሌ የለም። ሐኪሙ «ሲስተር፣ አንቺ ታውቂበታለሽ» ብሎ ያልፋል። ጓደኞቿ ዞር ይላሉ። ዘበኛው እንኳ ቤተሰብ በሩ ላይ ሲጮህበት የሚጠራው እሷን ነው።

እሷም ሰዎቹን ግቢው ውስጥ ካለው ጥድ ሥር ታስቀምጣለች… እጃቸውን ትይዛለች… ትነግራቸዋለች… አብራ ታለቅሳለች።

ከዚያ ፊቷን ታጥባ ወደ ቀጣዩ በሽተኛ።

አንድ ቀን «ይችን ነገር እባክህ ሌላ ሰው ይያዝልኝ» ብትለው፣ እስጢፋኖስ «አንቺን ማን ይተካል?» ብሎ ስቆ አለፋት። ማሞገሱ ነበር… አይ የእኛ ነገር።

አዘዞ ደርሶ የይመኙሽን ቤት በር ሲያንኳኳ እናቷ እማማ እቴነሽ ከፈቱለት። ገና ሳይቀመጥ ወቀሳውን ጀመረ። እሳቸውም እስኪጨርስ ሰሙት።

«ልጄ… ይመኙሽ ከተናገረች እኮ ሰነበተች» አሉት።

ከዚያ ቀስ እያሉ አጫወቱት። የጎረቤታቸው ልጅ ታሞ እዚያው ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። መርዶ የምትናገረው ይመኙሽ መሆኗን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከሥራ ስትመለስ የልጁን እናት መንገድ ላይ አግኝታ «እንዴት ዋልሽ» ብትላት፣ ሴትዮዋ «ልጄን!» ብላ ደረቷን እየደቃች መሬት ላይ ተዘረረች።

ልጁ እኮ ደህና ነበር።

«ከዚያ ወዲያ አፏን ዘጋች። ሰላምታ እንኳ ትፈራለች» አሉ እማማ እቴነሽ።

እስጢፋኖስ ወደ ውስጥ ዘለቀ።

ይመኙሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ኮቴ ስትሰማ ዞረች… አየችው…

ብድግ አለች። ነጠላዋን አነሳች። ጫማዋን መፈለግ ጀመረች።

ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ ከአፏ የወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው…

«ቤተሰቦቹ የት ናቸው?»

እስጢፋኖስ እዚያው በሩ ላይ ቆሞ አለቀሰ። ለካ ለሌላ ነገር ፈልጓት አያውቅም።

«ማንም አልሞተም፣ ይመኙ… አንቺን ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አላት።

አላመነችውም… ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ወዳጆቼ… «እሷ ትችላለች» እያልን የምንጭንባት ሰው ወገቧ ቢጎብጥ እናይ ነበር። አእምሮ ሲጎብጥ ግን አይታይም። ነርስም ትሁን መምህር፣ ሾፌርም ይሁን ባንክ መስኮት ላይ ፈገግ የሚልላችሁ ልጅ… የሌላውን ሐዘን ተሸክሞ ቤቱ የሚገባ ሰው፣ የእሱን የሚቀበለው ሰው ይፈልጋል።

እስቲ ንገሩኝ… እናንተ መሥሪያ ቤት ሁሉም ለሥራ ብቻ የሚፈልገው፣ «አንተስ እንዴት ነህ?» ብሎ ግን ማንም ጠይቆት የማያውቅ ሰው ማን ነው?