አረንጓዴው ቀሚስ በሙከራው ቅጂ

ገዢ ሲበዛ የልብስ ሱቃችን ድረ ገጽ አሁንም አሁንም ይቋረጥ ጀመር። ድረ ገጹ የተጫነበትን ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ ተረክቦ የሚያስተዳድርልን ድርጅት ፍለጋ ስባዝን ከረምኩ። ሁሉም "እናንተ ተኙ፣ እኛ እንጠብቃለን" ይላሉ፤ በእኔ ዓይን ግን እንቅልፍ ከዞረ ሰንብቷል።

"ማሙሽ፣ አንዱን ምረጥና ገላግለን!" አለች ልብሱን የምትሰፋው ታላቅ እህቴ፣ ከጓዳ ሆና፣ የስፌት መኪናዋን ሳታቆም።

የመጨረሻው ድርጅት የድረ ገጻችንን ቅጂ በራሱ ሰርቨር ላይ ጭኖ ለሙከራ ላከልኝ። ስከፍተው ፍጥነቱ ለጉድ ነው። እፎይ ልል ስል፣ ከላይ የተለጠፈውን ፎቶ አየሁ።

እትዬ ከጠዋት ጀምሮ የምትሰፋው አረንጓዴ ቀሚስ ነው። ገና ፎቶ አላነሳነውም።

"እትዬ፣ አረንጓዴው የት ደረሰ?"

"አንድ እጅጌ ቀረው። ምነው?"

ፎቶው ላይም አንድ እጅጌ ጎድሎታል። "ተሽጧል" ይላል። ከስሩ አንዲት ገዢ አስተያየት ጽፋለች፦ "እጅጌው ባይሟላም ወድጄዋለሁ። ልብስ ሰፊዋ ሳትጨርሰው ነው አሉ ያረፈችው። ነፍስ ይማር።"

"ተይው እትዬ! አትስፊው!" ብዬ ጮህኩ።

የስፌት መኪናው ቀጥ አለ።