የተቀባውና ያልተቀባው

ሰፈሩ «ጆሮው» ይለዋል። ሬዲዮ ጣቢያ የድምፅ ባለሙያ ነው። የቤቱን ትርፍ ክፍል በሲዲ ሞልቶ፣ እያንዳንዱን ከሰማያዊ ጠርሙስ በሚያንጠባጥባት ፈሳሽ ሲወለውል ይውላል። ፈሳሿ ሲዲውን አጽድታ ስስ ሽፋን ታለብሰዋለች፣ ድምፁም «ይከፈታል» ባይ ነው። ለሚስቱ ግን የተከፈተላት አፍንጫዋ ብቻ ነበር።

«ትራሴ ሳይቀር ሆስፒታል ሆስፒታል ይሸታል» ትላለች።

ጎረቤት ጩኸቱ ሲበዛበት ግድግዳ መደብደብ ስለጀመረ፣ ዘንድሮ የሚያዳምጠው በጆሮ ማዳመጫ ነው። ሰፈርተኛው በጠርሙሷ ሲስቅበት ከርሟል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሱ አልሰማም።

አማቱ ታመው ከመጡ ወዲህ ግን ነገሩ ከሳቅ አለፈ። ትርፉ ክፍል ስለተያዘ የሚተኙት ሳሎን ሶፋ ላይ ነው። ወገባቸው ደግሞ ሶፋ አይወድም።

«ለእማዬ ክፍሉን ልቀቅላት ስለው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል» አለች ሚስቲቱ ለወንድሟ። «ለራትም ቢሆን ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ነው የምጣራው። ሲያሰኘው ብቻ ነው የሚሰማው!»

ወንድሟ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ሽቦ የሌለበትን ነገር አያምንም። ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ዓይነት ዘፈን ያለባቸው ሁለት ሲዲዎች ይዞ መጣ። አንዱ ተቀባ፣ አንዱ ቀረ።

«ጋሼ፣ ዓይንህ ተሸፍኖ ከለየሃቸው ክፍሉ ያንተ ነው፤ እማዬን እኔ ቤት እወስዳታለሁ። ካልለየህ ግን ሲዲህ ዛሬውኑ ይወጣል።»

«ምን አልክ?» አለ ጆሮው ወደ እሱ ዞሮ።

ኤሌክትሪሺያኑ ደገመለት። ጆሮው ፊቱ ዐመድ መሰለ። ክፍሉ ብቻ አይደለም፣ ስሙም መያዣ ሆኗል፤ የሚኖረው ደግሞ በዚያ ስም ነው።

«ይሁን» አለ። «ማዳመጫውን አደርጋለሁ። ስትጀምር ትከሻዬን ንካኝ።»

ኤሌክትሪሺያኑ ተንኮል ፍለጋ ሳሎኑን በረበረ። ማንም ዘፈኑን ሰምቶ እንዳይጠቁም ስፒከሮቹን ነቀለ። ማጫወቻውን ጎትቶ ጆሮው አፍንጫ ሥር አስቀመጠ፤ ዓይኑን በመሀረብ ጥፍር አድርጎ አሰረ። ከሁሉም በላይ የጠረጠረው እህቱን ነበር፤ ባልና ሚስት ምን ይታወቃል ብሎ ኮሪደር አስወጣት። አማትየው በቅርብ ለማየት ሲጠጉ እግራቸው በገመድ ተጠልፎ ለጥቂት ተረፉ። ሽቦን የፈጠረውን ሰው ረግመው ወደ ሶፋቸው ተመለሱ።

የማጫወቻው ትሪ ወጣ፣ ሲዲ ተቀመጠ፣ ትሪው ገባ። ትከሻ ተነካ። ጆሮው ጎንበስ ብሎ አየር በረጅሙ ሳበ። ከዚያ እንደ ዋና አዋቂ ራሱን በምት መነቅነቅ ጀመረ።

«የተቀባው» አለ። ልክ ነበር።

«ይሄ ያልተቀባው። ድምጿ ታፍኗል።» ልክ።

ኤሌክትሪሺያኑ ተራ አዛባ። አንዱን ደጋግሞ ከተተ። አንዴማ ሲዲውን ሳይቀይር ትሪውን ብቻ ከፍቶ ዘጋው። ጆሮው ንቅንቅ አላለም።

«ያው የቅድሙ ነው! ዘፋኟ ከንፈሯን ስትልስ ሁሉ ይሰማኛል!»

ኤሌክትሪሺያኑን ላብ አጠመቀው። መሀረቡን ፈቶ በራሱ ዓይን ላይ ሞከረው፤ ድቅድቅ ጨለማ ነው። እህቱን በበሩ ስንጥቅ ሰርቆ አያት፤ ጥፍሯን እየሞረደች ነው።

«ተሸነፍኩ» አለ በመጨረሻ። «ጠርሙሷን ግን ከየት ነው የምትገዛት?»

አማትየው ወገባቸውን ይዘው ተነሱ። «ለካ ልጄን የዳርኳት ለጥንቸል ኖሯል!» ብለው ሻንጣቸውን ሊያዘጋጁ ሄዱ።

ጆሮው ደስታው ፊቱ ላይ እያበራ መስኮቱ ጋ ቆሞ ወደ ውጭ ይመለከታል። ሚስቱ ከኮሪደር ገብታ ከኋላው «እንኳን ደስ ያለህ» አለችው። ዞር እንኳ አላለም። «ይኸው አሁን ደግሞ ኮራ!» ብላ በገነች፤ የጣለውን ማዳመጫ አንስታ ገመዱን እየጠቀለለች ጫፉን ተከተለች።

ጫፉ ሆስፒታል ሆስፒታል በሚሸተው ማጫወቻ ላይ አልነበረም፤ ገና ሙከራው ሳይጀመር እናቷ በተጠለፉበት ቦታ፣ ሶፋው ሥር ወድቋል።