ከአውራ ጣት ሥር

አያትየዋ የአምላክን ፈቃድ ሊጠይቁ ከመቁጠሪያው እፍኝ ያህል ፍሬ ያዙና ሁለት ሁለቱን መቁጠር ሲጀምሩ ቤቱ ጸጥ አለ። መጨረሻ ላይ አንድ ፍሬ ብቻ ከተረፈ፣ የአዲስ ዓመታቸውን የኑሩዝን እረፍት ቡሸህር፣ ከሞቃቱ ባሕር ዳርቻ ሊያሳልፉ ነው። ሁለት ከቀረ ግን እንደ ወትሮው ብርዳማው አርዳቢል፣ የአባትየው አጎት ዘንድ። ከመስኮቱ ማዶ ከተማቸው ታብሪዝ ገና ከበረዶዋ አልተላቀቀችም ነበር።

«ባሕሩ የትም አይሄድም፤ አጎቴ ግን ዘጠና ዓመቱ ነው» አለ አባት።

«አምናም ዘጠና ነበር» አለ ልጁ በሹክሹክታ። ታላቅ እህቱ በክርኗ ጎሸም አደረገችው። እሷ ከአያቷ ጉልበት ሥር ስለተቀመጠች ፍሬዎቹ ቁልጭ ብለው ይታዩዋታል። አራት ቀሩ። ከዚያ ሁለት። አለቀልን፣ አለች በሆዷ። ይሄኔ የአያቷ አውራ ጣት ቀስ ብሎ አንዷን ፍሬ ሸፈናት።

«አንድ» አሉ አያት። «መልካም ነው፤ ሂዱ ይላል።»

አባት መቁጠሪያውን ትንሽ አየት አደረገና «እንግዲህ ምን ይደረጋል» ብሎ ወደ አጎቱ ሊደውል ወጣ። ልጁ ዘለለ። ልጅቷ ወደ አያቷ ጆሮ ጠጋ አለች።

«እማማ፣ አይቼሻለሁ። ለእኛ ብለሽ ነው አይደል?»

«ለእናንተ?» አሉ አያት፣ መቁጠሪያውን ኪሳቸው እየከተቱ። «ሰባ ዓመት ሙሉ ኑሩዝ በመጣ ቁጥር በረዶ ስረግጥ ኖሬአለሁ። አንዴ እንኳ እግሬን ሞቅ ያለ ባሕር ውስጥ ልንከረው እንጂ!»